ነጭ ካናቴራ ምን ይላል?

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለዊማላ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የቡድሃ፣ የትምህርቱና የመነኮሳቱ፣ የሦስቱ ዕንቁዎች ከለላ ከላይሽ አይነሳ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም እንዴት አደረገሽ? የምታስታምሚያቸውን አሮጊት ከአልጋ ስታነሺ በጉልበትሽ ተነሺ እንጂ በወገብሽ አትሳቢ ብዬሽ ነበር፤ ሰምተሽኛል ወይስ እንደ ልማድሽ በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ? እዚያ ቆጵሮስ ብርዱ ገብቷል አሉ። ካልሲ ደርበሽ ትተኛለሽ? እመቤትሽስ እንዴት ናቸው፣ አሁንም እየተነሱ የሞቱትን ባላቸውን ይጠራሉ? እርሳቸውንም ደህና ያድርግልሽ፤ የእርሳቸው ጤና የአንቺ መተዳደሪያ ነውና አብሬ እጸልይላቸዋለሁ።

እኛ እዚህ ሁላችንም አለን። እናታችንን ከጉልበቷ በቀር ሌላ የሚያማት የለም፤ ምላሷማ እንደ ድሮው ነው። ልጅሽ ሂማሻ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። የትምህርት ቤት ቀሚሷን ጫፍ ሁለት ጊዜ ፈትቼ አስረዘምኩት፣ ከእንግዲህ የሚፈታ የለውም። ዝናቡ በጊዜው መጥቶ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል። በጓሮ በኩል ያለው የጣሪያው ቀዳዳ ያው እንዳለ ነው፤ ባልዲ አስቀምጠንለታል።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። እሁድ በስልክ «አካ፣ ታላቅ እህቴ፣ ማንበብ አልችልም ብለሽ ፈርሚና ሥራሽ ላይ ግቢ። ምን ይጎድልብሻል?» አልሽኝ። ወዲያው ካርድሽ አለቀ። ካርዱ ባያልቅም እንደ ልቤ አላወራሽም ነበር፤ እናታችን አጠገቤ ጆሮዋን አቁማ ተቀምጣ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ቢሮ እጠራለሁ። ያን ወረቀት ከፈረምኩ ወደ ስፌት መኪናዬ እመለሳለሁ፣ ካልፈረምኩ ወጣሁ ማለት ነው። አንቺ ወሬውን የሰማሽው ከጎረቤታችን ከኩማሪ ነው፤ ኩማሪ ደግሞ የሰማችውን ግማሹን ትጥልና በምትኩ የራሷን ትጨምራለች። ስለዚህ ከሥሩ ላጫውትሽ።

ፋብሪካችን ለውጭ አገር ካናቴራ እንደሚሰፋ ታውቂያለሽ፤ ደረቱና ጀርባው ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚታተምበት። ስፌቱ የጠመመው፣ ቀለሙ የፈሰሰው ከምርመራ ይወድቅና ሜሪ ኖና ከበሩ ፊት ለፊት ላስቲክ ዘርግታ በኪሎ ትሸጠዋለች። ከእሱ የሚረክስ ልብስ የለምና አገሩ ሁሉ የሚለብሰው እሱን ነው። የሚገዛውም በቀለሙ ነው፤ ጽሑፉን ማን ያነባል? ዓሣ በብስክሌት የሚያዞረው ፒያሴና፣ ያን የመሰለ ሆዱን ይዞ፣ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ቦታ ልቀቁልኝ» የሚል ለብሶ ዓመት ሙሉ ዞሯል። የሰርቪሳችን ሹፌር «የሙሽሪት ታናሽ እህት» የሚል አለው። ይሄን ሁሉ እያነበብኩ ዝም እል ነበር።

እኔ ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ መሆኑን ታስታውሻለሽ። ሱመናዳሳ፣ ባለበት ሰላም ይሁን፣ የደረቀ ዓሣ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀድ ያመጣልኝ ነበር፤ እሱ ኮኮናት ዛፍ ላይ ሲውል እኔ የዓሣ ሽታ ያለውን ወሬ ስቆጥር እውላለሁ። እሱ ከዛፉ ወድቆ ከሞተ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ እንግሊዝኛውንም ጀመርኩ፤ በቀን በእጄ የሚያልፈውን የካናቴራ ጽሑፍ እያጠናሁ ማታ ማታ ከሂማሻ መዝገበ ቃላት ላይ እፈልገዋለሁ። ብዙ አላውቅም። ግን ካናቴራ አነባለሁ።

ይህን ማንም አያውቅም ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዲሉክሺን አይቼ ሳቄ አመለጠኝ። ዲሉክሺ ከፊቴ የምትቀመጥ ልጅ ናት፤ እኔ አንገት እሰፋለሁ፣ እሷ እጅጌ ትሰፋለች። ገና ሃያ አልሞላትም፣ የታመመ አባትና ሁለት ተማሪ ወንድሞች አሏት። «ምን ያስቅሻል ሊላ አካ?» አለችኝ። «ልብስሽ 'የዓለም ምርጥ አያት' ይላል» አልኳት፤ ወንድ አያት ማለቱ ነው። የሩዝ እሽግዋን ጥላ በሳቅ ተንከተከተች። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ሰዓት የእኔ ሆነ። «የእኔንስ አካ?» «የእኔ ስድብ እንዳይሆን ብቻ!» «የባሌን ነገ አመጣልሻለሁ፣ መጥፎ ከሆነ እንዲሁ ይልበሰው!» ይላሉ። እኔ፣ በስብሰባ ላይ እንኳን ድምፄ የማይሰማው ሴት፣ ከብበውኝ ሲያደምጡኝ ልቤ ሞቅ አለው። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ።

ኋላ ዲሉክሺ አንድ አረንጓዴ ካናቴራ ገዛች። ጀርባው ላይ በትልልቁ «አልቸኩልም፤ የቸኮለ ይለፈኝ» ይላል። ስነግራት ዓይኗ በራ። «እውነትሽን ነው አካ? በእናትሽ ማይልኝ!» አለችና ተነስታ ዞረች። «እንግዲህ ይህን አላወልቅም፤ እጥበውና መልሼ እለብሰዋለሁ!» አለች። ቀይ ቆብ የምታደርገውን የመስመራችንን ኃላፊ ሚስ ኒሮሻን አንቺ አታውቂያትም፤ ከጠዋት እስከ ማታ «ቶሎ! ቶሎ በሉ! እጃችሁ ሩዝ ያቦካል እንዴ?» ስትል የምትውል ናት። እሷ «ቶሎ!» ባለች ቁጥር ዲሉክሺ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ታዞርላታለች፤ እኛ ከኋላ ከንፈራችንን ነክሰን እንሰፋለን። ሚስ ኒሮሻ እንግሊዝኛውን ማንበብ ትችል ነበር፤ ግን ከጀርባ ጽሑፍ ይልቅ ሰዓቱን ነበር የምታየው።

ገዢዎቹ የላኩት ወጣት ፈረንጅ ሊጎበኝ መጥቶ በመስመራችን ሲያልፍ ግን አየው። ቆመና ሳቀ። ስልኩን አውጥቶ የዲሉክሺን ጀርባና ከበላይዋ የተሰቀለውን የሰዓት ኮታ ሰሌዳ አንድ ላይ አነሳው። ከእሱ ጋር የነበረው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው አቶ አቤይራትና አብሮ ሊስቅ ጀመረና ጽሑፉን አንብቦ አቆመ። ፊቱ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ቢሮ አስጠራት። እንባዋን እየጠረገች ስትወጣ በመንገድ ላይ ነገረችኝ። «የሚለውን አውቀሽ ነው የለበስሽው?» አላት። አላውቅም ብትል ይተዋት ነበር። እሷ ግን «አውቄ ነው ሰር» አለችው። «በራስሽ አንብበሽ?» «አዎ ሰር።» ከጠረጴዛው ላይ የሆነ ወረቀት አንስቶ «እስቲ ይሄን አንብቢልኝ» አላት። አልቻለችም። «ታዲያ ማነው ያነበበልሽ? ከውስጣችሁ የሚያነብላችሁ፣ ልባችሁን የሚያሳብጠው ማነው?» ቢላት ከንፈሯን ገጥማ ቀረች። «ስሙን እስክታመጪ ቤትሽ ተቀመጪ» ብሎ ሰደዳት። እኔን ይዛ «አደራ አካ፣ እኔ አልተናገርኩም፣ አንቺም እንዳትናገሪ። አንቺ እኮ ቤት አለሽ» አለችኝ። እሷስ ቤት የላትም?

በማግስቱ በሩ ላይ ደንብ ተለጠፈ። ማንኛውም ጽሑፍ፣ ሥዕል ወይም መልእክት ያለበት ልብስ ለብሶ መግባት ክልክል ነው ይላል። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ደረትና ጀርባ እየፈተሸ ማስገባት ጀመረ፤ ገልብጠው የለበሱም ነበሩ፣ እነሱንም መለሳቸው። እኛ ግን ውስጥ ገብተን ቀኑን ሙሉ የምንሰፋው ያንኑ ጽሑፍ የሚታተምበትን ነው። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ለእያንዳንዳችን ቢጫ ካናቴራ ታደለን፤ ደረቱ ላይ «ደስተኛ ሠራተኛ፣ ደስተኛ ደንበኛ» ይላል፤ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ግዴታ ነው ተባለ። ከመስመራችን ቻንድራሊላ የምትባል ነገረኛ ሴት «ይሄስ መልእክት አይደለም እንዴ ሚስ?» ብላ ብትጠይቅ ሚስ ኒሮሻ «ይሄ መልእክት አይደለም፣ የደንብ ልብስ ነው!» አለቻት። «እሺ፣ ደስታውስ ለየብቻ ይታደላል ወይስ በጋራ?» አለች ቻንድራሊላ። እኔ አልሳቅኩም። ባዶውን የዲሉክሺን ወንበር እያየሁ ነበር።

ዊማላ፣ አንቺና እኔ ስለዚያ ስለ ድሮው ፋብሪካ አንስተን አናውቅም። ሂማሻን ትኩሳት ይዟት ፈቃድ ስትለምኚ ያ ኃላፊ በጥፊ መታሽ፤ አጠገብሽ ነበርኩ። ለምስክር ሲጠሩኝ «መርፌዬን እያየሁ ነበር፣ አላየሁም» አልኩ። ውሸታም ተብለሽ ተባረርሽ። ከዚያ በኋላ ነው ቆጵሮስ የሄድሽው፣ ልጅሽን እኔ ጋ ትተሽ። አንድም ቀን አልወቀስሽኝም፤ ከወቀሳው ይልቅ የሚከብደኝ እሱ ነው። እናታችን «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። ይነቅዛል፣ እህቴ። የእኔ ነቅዟል፤ ዓመት በዓመት ስከፍተው ዱቄት ሆኖ አገኘዋለሁ። እና ያን ሰሞን ከፊቴ ሌላ ባዶ ወንበር ነበረ፣ እኔም ደግሜ መርፌዬን እያየሁ ነበር።

እንዲህ ሳስብ ሰንብቼ ሰኞ ጠዋት ነጭ ለበስኩ። ከሜሪ ኖና ሳይታተምበት የወደቀ ነጭ ካናቴራ ገዝቼ ከሱመናዳሳ ቀብር ጊዜ ከተቀመጠው ነጭ ቀሚሴ ጋር አደረግኩት። ሰርቪሱ ላይ ስወጣ ጨዋታው ሁሉ ቆመ። «ውይ ሊላ አካ! ማን ሞተብሽ?» አለች ቻንድራሊላ ደረቷን ይዛ። «ማንም አልሞተብኝም። መልእክት የሌለበት ልበሱ ተብለን የለ? ይኸው የለበትም» አልኳት። ወደ እኔ ጠጋ አለች። ከዚያ «ለዲሉክሺ ነው አይደል?» አለችኝ በጆሮዬ። አልካድኳትም። ዘበኛው ከፊት አየኝ፣ ከኋላ አየኝ፣ ምንም ስላጣብኝ «እናቴ፣ ያጽናሽ» ብሎ አሳለፈኝ።

በአገራችን ለሐዘን ነጭ የለበሰን ሰው ብቻውን መተው ነውር መሆኑን ላንቺ አልነግርሽም። በማግስቱ ቻንድራሊላና ሌሎች ጥቂት ሴቶች ነጭ ለብሰው መጡ። ከዚያ የአንገት ሰፊዎቹ ሁሉ፣ ከዚያ ልብስ ተኳሾቹ። ሐሙስ ዕለት ከላይ ሆኖ ላየን አዳራሹ የሐዘን ቤት ይመስል ነበር። ሚስ ኒሮሻ «ቶሎ!» ለማለት አፏን ትከፍትና ድምፅዋ ይጠፋባታል፤ ለሐዘንተኛ ማን «ቶሎ በይ» ይላል? ሜሪ ኖና ነጩን ሁሉ ሸጣ ጨርሳ «እባካችሁ ሌላም ደንብ ያውጡላችሁ» ትል ጀመር።

ዓርብ እንግዶች ይመጣሉ፣ ቢጫው ግዴታ ነው ተብሎ ነበር። ዓርብም ነጭ ለብሰን ሄድን። እዚህ ላይ ግን ያላሰብነው ነገር ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ነጭ የለበሱ ሴቶች መገንጠያው ላይ ከሰርቪስ ሲወርዱ የመንደሩ ሰው ያይ ነበር። የእድራችን ሊቀመንበር አጎት ሙዲያንሴ ይህን አይተው «ፋብሪካው ውስጥ ከባድ ሞት አለ፤ አስከሬኑ ከሩቅ ስለሚመጣ ነው የቆየው» ብለው ለራሳቸው ደምድመዋል። ሌላ ማንንም አልጠየቁም፤ የሞተ ሰው ቤት «ማን ሞተ?» ተብሎ ይጠየቃል? ዓርብ ጠዋት ከመገንጠያው እስከ ፋብሪካው በር ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ እድሩ ለቀብር የሚሰቅለው ነጭ ባንዲራ ተሰቅሎ አገኘነው። በሩ ላይ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑንና የላስቲክ ወንበሮቹን ከትራክተር እያወረዱ ነበር።

የእንግዶቹ መኪና በዚያ ሁሉ ባንዲራ መካከል ቀስ ብሎ መጣ። አቶ አቤይራትና ቢጫ ካናቴራውን ለብሶ እየሮጠ ወጣ። «ምንድነው ይሄ? ማነው የሞተው?» ብሎ ጮኸ። አጎት ሙዲያንሴ ኮፍያቸውን አወለቁና «ልጄ፣ እኛም እርስዎን ልንጠይቅ ነው። ያጽናዎት። አስከሬኑ ስንት ሰዓት ይገባል? ድንኳኑን እዚህ እንትከለው ወይስ ግቢ ውስጥ ይሻላል?» አሉት። ከመኪናው የወረዱት እንግዶች ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ። አንዲት ፈረንጅ ሴት ቀረብ ብላ የአቶ አቤይራትናን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አንገቷን ደፋች፤ እንዳዘነችለት ያስታውቃል። እሱ እጁን ማስለቀቅ አቅቶት፣ ደረቱ ላይ «ደስተኛ ሠራተኛ» እንደተጻፈበት፣ እንዲሁ ቆመ። እኛ ከመስኮቱ እያየን ነበር። ቻንድራሊላ «በይ አልቅሺለት» ብላ በክርኗ ጎሰመችኝ።

እንግዶቹን ሻይ ቤት ካስገባ በኋላ እኛ ዘንድ መጣ። ፊቱ በላብ ርሷል። «ይሄ ልብስ መልእክት አለበት! ሁላችሁም ቀይሩ፣ አሁኑኑ!» አለ። የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ማንም አልተነሳም። እኔም እንደማልነሳ እያሰብኩ ነበር፤ እግሬ ግን ቀድሞኝ ቆመ።

«ሰር፣ ምን ይላል?» አልኩት። «ምኑ?» አለ። «ልብሳችን። እኔ ከፊትም ከኋላም አየሁት፣ ምንም አላገኘሁበትም። መልእክት አለው ካሉ እርስዎ ያንብቡልን።» ከኋላዬ አንዷ ሳቋን አፍና በሳል ለወጠችው። እሱ ግን አልሳቀም፣ አልጮኸምም። ትክ ብሎ አየኝና «አንቺ ነሽ እንዴ የምታነቢው?» አለኝ።

ዊማላ፣ ያን ጊዜ ቤታችን ታየኝ፣ እናታችንና ልጅሽ ታዩኝ። ግን ደግሞ አንቺ በዚያ በር ስትወጪ ታየሽኝ። «አዎን ሰር፣ እኔ ነኝ። የዲሉክሺንም ያነበብኩላት እኔ ነኝ» አልኩት። ይኸው ነው። ከወጣልኝ በኋላ መቀሴን የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጥኩ። የሥራ ቆቤን ተረከቡኝና በዚያ በባንዲራው መካከል በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አጎት ሙዲያንሴ ድንኳኑን እያጠፉ «ልጄ፣ እንግዲህ የሞተ የለም ማለት ነው?» አሉኝ። «የለም አጎቴ፣ ሁላችንም አለን» አልኳቸው።

ዲሉክሺን ባለፈው ማክሰኞ መልሰው ጠሯት። እንግዶቹ ከመኪናቸው ሹፌር ነገሩን ሰምተው ስለ እሷ ጠይቀው ኖሯል። ለእነሱ የተሰጠው መልስ «ሠራተኞቻችን የሚለብሱትን አያውቁም፤ አንዲት ያልተማረች ሴት ትርጉም ፈጥራ ነግራቸው ነው» የሚል ነው። ይህ እውነት እንዲመስል እኔ ማንበብ እንደማልችልና ከራሴ ፈጥሬ እንደተናገርኩ መፈረም አለብኝ። አንቺ «ፈርሚ» ያልሽኝ ይሄን ነው። ለእኔ አዝነሽ፣ ለልጅሽም አስበሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩሽም።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ሰኞ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው። ትላንት ሄጄ መጣሁ።

በአቶ አቤይራትና ቢሮ ውስጥ ጸሐፊዋ ሬኑካም ነበረች። ወንበር ሰጠኝ፤ ከዚህ በፊት ሰጥቶኝ አያውቅም። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እዚህ ላይ ስምሽን ጻፊና ነገ ሥራሽን ጀምሪ» አለኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ተጽፎ የመጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ። መነጽሬን አወጣሁ። «ምን ልታደርጊ ነው?» አለኝ። «የምፈርመውን ላየው ሰር» አልኩና በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየቆምኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። «እኔ ሊላዋቲ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሬኑካ የወደቀ እስክሪብቶ የምታነሳ መስላ ጠረጴዛው ሥር ገባች፤ ቆይታም አልወጣችም።

ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ቃል አቃተኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፣ አልሆነልኝም። «ሰር፣ ይቺ ምን ማለት ናት?» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና «በገዛ ፈቃዴ ማለት ነው» አለኝ፣ እንደ ልጅ አስተማሪ። ወዲያው ምን እንዳደረገ ገባውና ወደ ኋላው ተደገፈ። «እንግዲያው ይህቺ ቃል አትገባም» አልኩት፤ ወረቀቱን ሳልፈርም መልሼ ገፋሁለት።

አልተቆጣም። ፊቱን በመዳፉ አሸና «እኔስ ምን ላድርግ ሊላዋቲ? እኔም በላዬ ሰው አለብኝ። የሰጡኝን ነው የምሰጥሽ» አለኝ። አሳዘነኝ። «አውቃለሁ ሰር። እርስዎ የሰጡዎትን ይልበሱ። እኔ ግን ይሄን አልለብሰውም» ብዬው ተነሳሁ። «እንደወጣሽ ቁጠሪው እንግዲህ» አለኝ። «ቆጥሬዋለሁ» አልኩት።

ስለዚህ ዊማላ፣ ከሥራ ወጥቻለሁ። ከጎረቤት ጋር የኮኮናት ገመድ ማክረር ጀምሬያለሁ፤ እጄን ቢልጠውም ማንም «ቶሎ!» አይለኝም። ሰውነትሽን ጎድተሽ ተጨማሪ አትላኪ፤ ለሂማሻ ትምህርት ከምትልኪው በላይ ከአንቺ አልቀበልም። ደግሞም በሚቀጥለው እሁድ ስትደውዪ «ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ» እንዳትይኝ፤ ስልኩን እዘጋብሻለሁ፣ ታላቅሽ ነኝና እችላለሁ። ያኔ ዓይኔ እያየ «አላየሁም» አልኩ፤ ያንን ስኖርበት ቆይቻለሁ። ዛሬ ደግሞ «አላነብም» ብል ከእኔ ምን ይተርፋል? ፊደል የሰጠኝ ትምህርት ቤት አይደለም፣ ፋብሪካም አይደለም። ራሴ ነኝ የለቀምኩት። መልሺ ሊሉኝ የሚችሉት የእነሱን ቆብ ነው፤ እሱንም መልሻለሁ።

እናታችን ግንባርሽን ትስምሻለች። ይህን ሁሉ ሳነብላት ሰምታ «ያቺ ልጅ ይቅርታ ጠይቂ ካለችሽ ስልኩን ለእኔ ስጪኝ» ብላለች፤ ተጠንቀቂ። ሂማሻ ሰላም ትልሻለች፣ በፈተናዋ ሁለተኛ ወጥታለች፤ አንደኛ የወጣውን ልጅ ስሙን እንኳን መስማት አትፈልግም። አጎት ሙዲያንሴ «የእድሩን ባንዲራ በከንቱ አሳጠባችሁኝ» እያሉ ሰላምታ ልከዋል። ቻንድራሊላ «አታውቂኝም፣ ግን እህትሽ ሰው ገደለች ቢሉሽ አትመኚ፣ የሞተ የለም» በዪልኝ አለችኝ። ዲሉክሺ ትላንት ከሥራ መልስ መጥታ ነበር፤ ላላየቻት እህቷ እጅ ትነሳለች፣ ከኋላዋ ያለው የእኔ ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥበት ቦርሳዋን እያስቀመጠችበት መሆኑንም ንገሪያት ብላኛለች። ኩማሪም ሰላም ብላሻለች፤ እሷ የምትነግርሽን ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አስተያዪው። ለእመቤትሽም ጤና ይስጣቸው።

ወገብሽን አደራ።

ጸሐፊ ሳልለምን በገዛ እጄ የጻፍኩልሽ
እህትሽ ሊላዋቲ

ኮስጋሃወላ መንደር፣ ኩሊያፒቲያ አጠገብ
ሐሙስ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2017